ደብረ ብርሃን መጠለያ ውስጥ ያለ የትምህርት ድንኳን፣ ከ5 ኮከብ 3 ተኩል

ሰው ስለ ካፌ ስለ ስልክ ስለ ፀጉር ቅባት ሪቪው ሲጽፍ እኔ ስለ ድንኳን ልጽፍ ነው። እውነቴን ነው፣ ይሄም አገልግሎት ነው፣ ደንበኛ አለው፣ ብር ወጥቶበታል፣ የሚመሰገንም የሚወቀስም ነገር አለው፣ ግን ደንበኛው ልጅ ነው፣ እናቱ ደሞ ወይ ዳታ የላትም ወይ ብትናገር እርዳታውን የሚያቋርጡባት ይመስላታል፣ ስለዚህ ማንም አይጽፍለትም። የሚጻፈው ሪፖርት ነው፣ ሪፖርቱን የሚጽፈው ደሞ ራሱ ድርጅቱ ነው፣ ልጆች የሳቁበት ፎቶ ተለጥፎበት። እኔ የሁለት ልጆች አክስት ነኝ፣ ልጆቹ እዛ ድንኳን ውስጥ ተምረዋል፣ በቃ እንደ ደንበኛ ቤተሰብ ነው የምጽፈው።

እህቴ ከነልጆቿ ከምሥራቅ ወለጋ ኪራሙ አካባቢ ተፈናቅላ ደብረ ብርሃን የገባችው 2014 ክረምት ላይ ነው። ትልቋ ያኔ 9 ዓመቷ ነበር፣ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ ነው የመጣችው፣ አቡሽ ደሞ 6 ሞልቶት ገና ሊገባ ነበር። እኔ አዲስ አበባ ነኝ፣ 130 ኪሎ ሜትር ናት፣ መንገዱ ሲከፈት እየሄድኩ ሲዘጋ እየደወልኩ (ኔትወርክ ሲኖር) ነው ሁሉን የተከታተልኩት። ከተማዋን ለማያውቅ ሰው፣ ከባህር ወለል ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ ብርዷ ቀልድ አይደለም፣ የታወቀ የብርድ ልብስ ፋብሪካም አላት፣ እና እዛው ከተማ ውስጥ ልጆች በአንድ ብርድ ልብስ አራት ሆነው ያድራሉ። አቡሽ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ስልክ ተቀብሎ "አክስቴ እዚህ ፀሐይዋ ትወጣለች ግን አትሞቅም" አለኝ። ቆላ ያደገ ልጅ ምን ያርግ።

ከአንድ ዓመት በላይ ትምህርት የሚባል ነገር አልነበረም። ትልቋ ውሃ ትቀዳለች፣ የእርዳታ ቀን ወረፋ ትይዛለች፣ አቡሽ ፌስታል አሯሩጦ ይውላል። 2015 መጨረሻ ላይ ነው አንድ ድርጅት (ስሙን አልጠራም፣ ታች የምወቅሰው ስላለኝ) ሁለት ትልልቅ ድንኳን የተከለው፣ አንዱ መጫወቻ፣ "ለሕፃናት ምቹ ቦታ" ይሉታል፣ አንዱ ደሞ የተፋጠነ ትምህርት።

ከምዝገባው ልጀምር። ከዛ በፊት ስንት መዝጋቢ መጥቶ ሄዷል፣ ሁሉም እህቴን ነው የሚያናግራት፣ ስም፣ የቤተሰብ ብዛት፣ ከየት ቀበሌ ምናምን፣ ልጆቹ እንደ ብርድ ልብስ በቁጥር ይገባሉ። ይቺኛዋ ግን እዛው ከተማ ያደገች ልጅ ናት፣ ድርጅቱ መምህር አይላቸውም አመቻች ነው የሚላቸው፣ ቁጢጥ ብላ ትልቋን ራሷን "አንቺ ከማን ጋር ነው የምትኖሪው? ማታስ ማን ጋር ነው የምትተኚው?" ብላ ጠየቀቻት። እኔ እዛው ቆሜ ነበር፣ ስለ መኝታ ምን አገባት ብዬ ተናድጄ ነበር። ኋላ ነው የገባኝ፣ መጠለያው ውስጥ ከወላጁ ተለይቶ ጎረቤት ተጠግቶ የሚኖር ልጅ አለ፣ አንዳንዱ ወላጁ የት እንዳለ አያውቅም፣ አንዳንዱ ደሞ የተጠጋበት ቤት እንደ ሠራተኛ ነው የሚይዘው፣ እና ይሄ የሚታወቀው ልጁን ራሱን ስትጠይቂው ነው። እንደዚህ አይነት ልጅ ሲገኝ ለሶሻል ወርከሩ ይተላለፋል፣ ቀይ መስቀል ደሞ ቤተሰብ የማፈላለግ ሥራ አለው፣ ስምና የተለያዩበትን ቦታ ይዞ ነው የሚፈልገው። ከእህቴ ድንኳን አጠገብ የነበረ አንድ ልጅ በዚህ መንገድ አጎቱ ሌላ መጠለያ ተገኝቶለት ሄዷል። ለምዝገባው 5 ከ5።

ትምህርቱ እንዴት ነው ለሚለው፣ አዲስ ፈጠራ አይደለም፣ ስፒድ ስኩል የሚባለው አሠራር አገራችን ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ አለ፣ ከትምህርት የቀሩ ልጆች ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ያለውን በ10 ወር ይጨርሱና ፈተና ወስደው መደበኛ ት/ቤት 4ኛ ክፍል ይገባሉ። እኔ ስሰማ አላመንኩም፣ የሦስት ዓመት ትምህርት በ10 ወር እንዴት ይሆናል፣ ማስመሰል ነው ብዬ ነበር። ግን ሄጄ ግማሽ ቀን ቁጭ ብዬ አየሁ። ቀኑ ረጅም ነው፣ ፈረቃ የለም ጠዋትም ከሰዓትም ነው፣ በረድፍ መቀመጥ የለም አምስት ስድስት ሆነው ክብ ሠርተው ነው፣ ቁጥር በጠጠርና በቆርኪ ነው፣ መደመሩን "ሱቅ" ተጫውተው ነው የሚማሩት፣ አንዱ ባለሱቅ ይሆናል ሌላው ስኳር ይገዛል መልስ ይቆጥራል። ትልቋ ባለሱቅ ሆና "ዱቤ የለም" ስትል ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ። እኛ ስንማር መምህሩ ሰሌዳው ላይ ይጽፋል እኛ እንገለብጣለን፣ ያንን ካወጣሽው በእርግጥም ብዙ ጊዜ ይተርፋል።

አሠራሩ 30 ልጅ ለአንድ አመቻች ነው የሚለው። እዛ ድንኳን ውስጥ ስቆጥር 52 ነበሩ። ጠየቅኩ፣ "በር ላይ ቆሞ የሚያለቅስ ልጅ እንዴት አድርጌ ልመልስ" አለችኝ። ምን ትያታለሽ? ግን ሪቪው ስለሆነ ልጻፈው፣ 52 ልጅ ሲሆን ያ ክብ ሠርቶ መማር የሚባለው ይበላሻል፣ ከኋላ ያሉት ይተኛሉ፣ በተለይ ዝናብ ሸራውን ሲመታው ከፊት ያሉትም አይሰሙም።

ዕቃው ደሞ ከዩኒሴፍ የሚመጣው ሣጥን ነው፣ ስኩል ኢን ኤ ቦክስ ይሉታል፣ ቁልፍ ያለው የአሉሚኒየም ሣጥን። ስለ እሱ ብቻ ብጽፍ 5 ኮከብ እሰጠው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ በሩዋንዳው ጊዜ ታንዛኒያ የነበሩ የስደተኛ ካምፖች ውስጥ ነው መጀመሪያ የተሠራበት፣ ለአንድ መምህርና ለ40 ልጅ የሚሆን ነገር አለው፣ ደብተር እርሳስ ላጲስ መቀስ፣ ለመቁጠሪያ የእንጨት ኩቦች፣ በእጅ የሚዞርና በፀሐይ የሚሠራ ራዲዮ፣ የእንጨት ሰዓት (ጠዋት ሦስት ሰዓት ትልና ሦስት ላይ ታደርገዋለች፣ የኛ አቆጣጠር እዚህ ማንንም አያስቸግርም)። ክዳኑን አብሮ በሚመጣው ቀለም ስትቀቢው ጥቁር ሰሌዳ ይሆናል። በጣም የወደድኩት ደብተሩን ነው፣ ኅዳግ አልተሰመረበትም፣ ለምን ስል ለካ ከቀኝ ወደ ግራ የሚጽፍ ልጅም ከግራ ወደ ቀኝ የሚጽፍ ልጅም እኩል እንዲጠቀምበት ነው። ይሄን ያሰበው ሰው ይባረክ።

ለየትኛውም አገር እንዲሆን ስለተሠራ ግን የመማሪያ መጽሐፍ የለውም፣ የሀሁ ገበታም አትጠብቂ፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ፖስተር ኤቢሲዲ ነው። እና እዚህ ጋ የሚገርም ነገር ሆነ። ከወለጋ የመጡት ልጆች ብዙዎቹ አፍ መፍቻቸው አማርኛ ቢሆንም የተማሩት በአፋን ኦሮሞ ነው፣ በቁቤ። ትልቋ ሀሁን አታውቅም ነበር! ሁለተኛ ክፍል የጨረሰች ልጅ፣ አማርኛ እንደ ውሃ የምታወራ፣ ስሟን በላቲን ነው የምትጽፈው። የከተማው ሰው ያንን አይቶ "ያልተማረች" ይላታል። አመቻቿ ግን ያንን ፖስተር ይዛ ከሚያውቁት ጀመረች፣ "ba ይሄ ነው" ሳይሆን ፖስተሩ ላይ ያለችውን ፊደል እያሳየች "ይቺን እናንተ ምን ትሏታላችሁ? እሺ በኛ ደሞ ይቺ በ ናት" እያለች አንዱን በአንዱ አስያዘቻቸው፣ የፊደል ገበታውን በራሷ ብር ከገበያ ገዝታ። በሁለት ወር ትልቋ የድንኳኑን ማስታወቂያ አንብባልኛለች። ልጆቹ አፋን ኦሮሞውን እንዳይረሱ ተብሎ በሳምንት አንድ ቀን ተረት በሱ ይነገራል ተብሎ ነበር፣ እሱ ሁለት ሳምንት ሄዶ ቀረ፣ ያሳዝነኛል፣ የያዙትን እንዲጥሉ ነው የሆነው።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ፣ ይሄን ሁሉ የምጽፈውም በሱ ምክንያት ነው። ስም ጥሪ።

ጠዋት ጠዋት ስም ይጠራል። እና የቀረ ልጅ ዝም ብሎ ኤክስ ተደርጎበት አይታለፍም፣ አንድ ቀን ሲቀር ጎረቤት ይጠየቃል፣ ሁለተኛ ቀን ከቀረ አመቻቿ ወይ ሶሻል ወርከሩ ቤተሰቡ የሚኖርበት ድንኳን ድረስ ይሄዳሉ። እኔ መጀመሪያ የሪፖርት ቁጥር ለማሟላት ነው ብዬ ነበር። 2016 ጥምቀት አካባቢ ትልቋ ቀረች። የሆነው ምንድነው፣ አንድ ደላላ መጥቶ አዲስ አበባ ልጅ የምትይዝላቸው የሚፈልጉ ጥሩ ቤተሰቦች አሉ፣ ታጠናለች፣ በወር በወር ይላክልሻል ብሎ እህቴን አሳምኗታል። እህቴን አትፍረዱባት፣ ስንዴ ከመጣ ሦስት ወር ሆኖታል፣ ትንሹ ያስለዋል፣ ለኔ ደሞ፣ አዲስ አበባ ላለሁት እህቷ፣ አፍራ አልነገረችኝም። 11 ዓመቷ ነበር። ነጠላ ጫማና ፔስታል ተዘጋጅቶላት ሐሙስ ልትሄድ ነው። ረቡዕ ከሰዓት አመቻቿ መጣች፣ "ሁለት ቀን ስሟን ጠርቼ አቤት የሚል አጣሁ" አለች፣ ሻይ ተፈልቶላት ቁጭ አለች፣ አልጮኸችም፣ ፖሊስም አልጠራችም፣ እህቴን ስታስወራት ነገሩ ወጣ። ማታውኑ ሶሻል ወርከሩ ከመጠለያው ኮሚቴ ሽማግሌ ጋር መጣ፣ ለሁለት ወር የሚሆን ትንሽ የድንገተኛ ድጋፍ ብር አስወጣላት፣ ደላላው ድጋሚ በዛ መስመር አልታየም (ሌላ መስመር ሄዶ ይሆናል፣ እሱን አላውቅም)። አርብ ጠዋት ትልቋ ስሟ ሲጠራ አቤት አለች።

ጥበቃ ጥበቃ ሲሉ እኔ ዘበኛ ወይ አጥር ነበር የሚመስለኝ። እዛ ሰፈር ጥበቃ ማለት ግን አንዲት ደብተር የያዘች ሴት ናት፣ የጠፋ ልጅ ካለ በሁለት ቀን የምታውቅ። ማንም ባይጠራቸው ኖሮ ማን ያውቅ ነበር? መጠለያ ውስጥ ልጅ ሲጠፋ "ዘመድ ጋ ሄዶ ነው" ይባላል በቃ።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ። ሽንት ቤቱ የሴትና የወንድ ተለይቷል፣ ከውስጥ የሚቆለፍ ነው ተብሎ ነበር፣ መቀርቀሪያው በወሩ ተነቅሎ ሄደ፣ ስንነግራቸው ለመተካት ሰባት ሳምንት ፈጀ፣ እስከዛ ልጆቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ አንዷ በሩን ትይዛለች። የአስተያየት ሣጥን አለ ግን ቢሮው በር ላይ ነው የተሰቀለው፣ የሚወቀሰው ሰው ፊት ለፊት ማለት ነው፣ ማን ወረቀት ይከታል። የእናቶች የቁጠባ ቡድን ጥሩ ነው፣ በሳምንት 20 ብር፣ እህቴ ከዛ ተበድራ ቆሎና ዳቦ ጀመረች። ብስኩት ይሰጣል፣ ብስኩቱ የቀረ ሰሞን ድንኳኑ ግማሽ ሆነ፣ ስለዚህ ልጆቹ ለብስኩት ነው የሚመጡት የሚል ሰው አለ፣ አዎ ለብስኩት ነው የሚመጡት፣ ባዶ ሆድ ማባዛት ሞክሩት እስቲ።

ቦርሳው ላይ ግን ልናደድ። የድርጅቱ ሎጎ ከልጁ ጀርባ ይሰፋል፣ ዚፑ በሁለት ሳምንት ይሄዳል፣ ሎጎው ግን አይጠፋም። መደበኛ ት/ቤት ሲገቡ ያ ቦርሳ ገና ከሩቅ "ተፈናቃይ" ብሎ ይናገርባቸዋል። ትልቋ ጥቁር ላስቲክ አልብሳው ነው የምትይዘው። ደሞ ቦርሳው የተሰጠ ቀን ካሜራ መጣ፣ ልጆቹ ተሰልፈው ሦስት ሰዓት ብርድ ላይ ቆሙ። እዚህ ላይ ድርጅቱን ብቻ አይደለም የምወቅሰው፣ በየሳምንቱ ከአዲስ አበባ በሚኒባስ እየመጣ ብስኩት አስይዞ የልጅ ፊት ቲክቶክ ላይ የሚለቀውም እንደዛው ነው፣ እነዚህ ልጆች እኮ ከሚፈልጋቸው ሰው ሸሽተው የመጡ ሊሆኑ ይችላሉ።

አሁን ደሞ ኮከብ የቀነስኩበት ቦታ። ትልቋ ሰኔ 2016 ጨረሰች፣ ፈተናውን አለፈች፣ እልልታ ተባለ፣ ሰርተፊኬት ተሰጣት። መስከረም ላይ እህቴ ሰርተፊኬቱን ይዛ በአቅራቢያው ያለ አንድ መደበኛ ት/ቤት ሄደች። መሸኛ አምጪ። ከየት? ከነበረችበት ት/ቤት። እዛ ት/ቤት ተመልሳ ትሂድ ማለት ነው? የ2ኛ ክፍል ካርዷስ? ካርዷ ከቤቱ ጋር ቀረ። ይሄ ሰርተፊኬትስ? "ይሄ የፕሮጀክት ነው፣ አንቀበልም።" እኔ ይሄን ስሰማ ቁጭ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። አፍሪካ ኅብረት የተፈናቃዮች ስምምነት አለው፣ የካምፓላ ኮንቬንሽን፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ፣ አገራችን በአዋጅ ቁጥር 1187/2012 አጽድቃዋለች፣ አንቀጽ 13 ላይ የጠፋ ሰነድ ሲተካ ሰውየውን ወደመጣህበት ተመለስ ብሎ እንደ ቅድመ ሁኔታ መጠየቅ አይቻልም ይላል። ፕሪንት አድርጌ ላኩላት። ርዕሰ መምህሩ አነበበውና "ጥሩ ነው፣ ግን መሸኛ የሚለው ፎርሙ ላይ ነው" አሉ። ሦስት ሳምንት ተመላልሳ፣ መጨረሻ ላይ ያችው አመቻች ወረዳ ትምህርት ጽ/ቤት ድረስ አብራት ሄዳ በምዘና ትግባ የሚል ደብዳቤ ተጻፈ፣ 4ኛ ክፍል ገባች። ክፍሉ ውስጥ ከ80 በላይ ናቸው።

ይሄ ሥራ እኮ ከመጀመሪያው ቀን የድርጅቱ መሆን ነበረበት፣ ልጁን ከመቀበላቸው በፊት "ሲጨርስ የት ነው የሚገባው?" ብለው ከት/ቤቱና ከጽ/ቤቱ ጋር መጨረስ ነበረባቸው። 10 ወር ድልድይ ሠርተሽ ማዶው ላይ በሩ ተቆልፎ ሲገኝ ምን ይባላል። ዩኒፎርምም አልታሰበበትም፣ እኔ ነኝ ያሰፋሁት፣ አክስት የሌላቸው ሁለት ልጆች በዛ ምክንያት ብቻ ቀርተዋል።

አቡሽ ደሞ መስከረም 2017 ጀመረ፣ 9 ሊሞላው ሲል። ጥር ላይ አሜሪካ የውጭ እርዳታውን ስታቆም እኛ በዜና ነበር የሰማነው፣ ድንኳኑ ውስጥ ግን በሳምንቱ ነበር የደረሰው። ፈንዱ ከየት እንደሆነ ለወላጅ ነግረው አያውቁም፣ አንድ ሰኞ ጠዋት ልጆቹ መጡ ድንኳኑ ተቆልፏል፣ በቃ። ስብሰባ የለም፣ ለልጆቹ የነገራቸው የለም፣ ሣጥኑም በመኪና ተጭኖ ሄደ። አቡሽ ንባብ ይዞ ነበር፣ ማባዛት ላይ ነው የቆመው፣ እስከ ስድስት። "አክስቴ የሰባትን ሊነግሩን ነበር" አለኝ። ብር ማለቁ የነሱ ጥፋት አይደለም፣ ይገባኛል፣ ግን ልጅን ደህና ሁን ሳይሉ መሄድ ብር አይጠይቅም፣ ከሞቀ ቤቱ በአንድ ሌሊት የወጣን ልጅ ደግሞ በአንድ ሌሊት የተቆለፈ በር ማሳየት በጣም ከባድ ነው።

ትንሽ የሚያስቀኝ፣ እዛው መጠለያ ጥግ ላይ ሸራ ወጥረው ሀሁ የሚያስተምሩ አንድ የኔታ አሉ፣ እሳቸውም ተፈናቃይ ናቸው፣ ሎጎ የላቸውም፣ ፈንድ የላቸውም፣ ስለዚህም ማንም አልዘጋባቸውም። አቡሽ አሁን እሳቸው ጋ ነው፣ ሰፈሩ ያሉ ሙስሊም ልጆች ደሞ ቁርዓን ቤት ይገባሉ። ሒሳብ ግን የኔታ አያስተምሩም፣ አለንጋም ይዘዋል፣ አልደብቅም።

ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ አካባቢ ኢትዮጵያ ውስጥ ወደ 9 ሚሊዮን ልጅ ከትምህርት ውጪ ነው ብሎ ነበር፣ እኔ የማወራው ስለ 52ቱ ነው። ብር ልትልኩ ያሰባችሁ፣ በተለይ ውጭ ያላችሁ፣ ድርጅቱን ስንት ቦርሳ አደላችሁ ብላችሁ አትጠይቁት፣ ስንት ልጅ መደበኛ ት/ቤት ገባ፣ ስንቱ ሁለተኛው ዓመት ላይ አለ፣ ልጅ ሲቀር ቤቱ የሚሄደው ሰው ማነው፣ ደሞዙ እስከመቼ ነው ብላችሁ ጠይቁ። ሦስተኛውን ጥያቄ በስም ካልመለሱላችሁ ሌላ ፈልጉ።

ለአመቻቿ 5፣ ለምዝገባው 5፣ ለሣጥኑ 5፣ ለሽንት ቤቱ 2፣ ለመደበኛው ት/ቤት ማሸጋገሪያው 2፣ ለአዘጋጉ ዜሮ፣ እኔ ሒሳብ ላይ እንደ አቡሽ ነኝ፣ 3 ተኩል ብዬዋለሁ።

አመቻቿ አሁን ከተማ ውስጥ አንድ ፋርማሲ ትሠራለች። ቅዳሜ ከሰዓት እየመጣች የኔታ ሸራ ሥር ያንኑ አሮጌ ደብተሯን ገልጣ ስም ትጠራለች፣ ሰባትን ባለፈው ቅዳሜ ጀምረዋል፣ አቡሽ ሰባት ሲባዛ በስምንት ላይ ይሳሳታል እስካሁን።